ያልታጠበው ቅጠል

ደብዳቤውን አርባ አንድ ቀን ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ያስቀመጥኩትም ሩቅ አይደለም፤ ቅጠል ከማሰጣበት ወንፊት ሥር ነው። በየቀኑ ወንፊቱን ሳነሳ አየዋለሁ፣ በየቀኑ መልሼ እጭንበታለሁ። ፖስታው ላይ ስሜን የጻፈው ራሱ ዶክተሩ ነው። የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ እሱ ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል እንደሚያደርገው ፊደሎቹም ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ።

ያልከፈትኩት ከእሱ በፊት የመጣውን ስለከፈትኩ ነው። ያኛው በማሽን የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ነበር። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ክፉ ቃል ቶሎ አያልፍለትም። «ያቀረቡት ቅጠል ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ምንም ውጤት አላሳየም። ከጥናቱ እንዲወጣ ሐሳብ ቀርቧል።» ይላል። ከሥሩ የዶክተሩ ፊርማ አለ።

ከዶክተሩ ጋር የተዋወቅነው በበርሜሌ ምክንያት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የትንኝ ትኩሳቱ ሰፈራችንን ቤት ለቤት አዳረሰው። አጥንት ሰባብሮ ስለሚያስተኛ እኛ ሰባብሬ እንለዋለን። ዶክተሩ የትንኝ እጭ ፍለጋ የየቤቱን ውሃ እየከፈተ ሲያይ እኔ ቤት ደረሰ።

«ጌታው፣ የሰው በርሜል ሳይጠየቅ አይከፈትም!» ብዬ ጮህኩበት።

ቀና ብሎ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ በርሜሉን ተደገፈ። ከዚያ መደገፉም አቃተውና እዚያው ቁጭ አለ። ሰባብሬ እሱንም ይዞት ኖሯል። ጤና ጣቢያው በረንዳው ሳይቀር ሞልቶ ስለነበር አራት ቀን እኔ ቤት ተኛ። ሙጬ የምንለውን ቅጠል ዘፍዝፌ አጠጣሁት። ያዳነው ሙጬ ይሁን የራሱ ጉልበት፣ ምዬ አልናገርም። በአምስተኛው ቀን ግን ተነስቶ ተቀምጦ፣ ባዶውን ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይሄን ማን አስተማረዎት?» ሲለኝ ያየኝ አስተያየት ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔ ባሌን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሱ ሚስቱን ካጣ ስድስት። ሁለታችንም እንደዚያ መታየት ረስተን ነበር።

ከወራት በኋላ ቅጠሌን በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ለጥናት አስገባው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለቅሜ እስከ ቤተ ሙከራው በር እወስድ ነበር። እሱ ወጥቶ ይቀበለኛል። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ስለ ቅጠል እናወራለን፣ ቅጠል ግን ሰበብ ነው። ከበሩ አልፌ ግን አላውቅም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ታላቅ እህቱ ናት፤ ያሳደገችውም እሷ ናት። ለእሷ እኔ ቅጠል የምታመጣ ሴትዮ ነኝ፣ አበቃ።

እንግዲህ ያ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሲመጣ ለልጄ፣ «ቅጠሌን ያላመነ እኔንም አላመነም» አልኳት። ወደዚያ በር ሁለተኛ አልሄድኩም።

ረቡዕ ከሰዓት ልጄ ከስፌት ቤቷ መጥታ ወንፊቱን አነሳች። ፖስታውን ስታይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እማዬ፣ ይሄ ደብዳቤ ደርቆ ሊፈጭ ነው እንዴ?»

«አስቀምጪው።»

«አንቺ ካልከፈትሽው እኔ እከፍተዋለሁ።»

«የሰው ደብዳቤ ከፍተሽ እጅሽ ይቆረጥ!»

«ይቆረጥ» አለችና ቀደደችው። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ግትርነቷን ከማን ታምጣው? ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ይህን በእጄ የምጽፈው ያኛው በማሽን ስለተጻፈ ነው። የፈረምኩት የሙከራ ሳህኑ ላይ ያየሁትን ነው። ለእርስዎም ብዬ ቢሆን ያላየሁትን አየሁ ማለት አልችልም። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እርስዎ ቤት የጠጣሁት ጠቆር ያለ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ነበር። እኛ የምናወጣው ጭማቂ ጥርት ያለ ነው። ለምን? እህቴን ለምኜ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አስፈቅጃለሁ። ቅጠሉ የሚዘጋጀው በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ሐሙስ ነው፤ ይሄም ካልሠራ ሙጬ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። እባክዎ መጥተው ያሳዩን። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ እሱ ግን በወረቀት አልሆነልኝም።»

«የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ መቼ ነው?» አልኳት።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ «ነገ ነው።»

አርባ አንድ ቀን! ሰውዬው ይህን ሁሉ ቀን በሩን እያየ ጠብቆኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ኩራቴን ወንፊት ጭኜበት ተቀምጫለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ልጄ እንባዬን እንዳታይ እንጂ አቧራ ገብቶብኝ አልነበረም።

*

ሐሙስ ፀሐይ ሳትበረታ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ሙጬ የሚለቀመው ከመንገድ ርቆ፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ጣትን ያዝ ሲያደርግ ደረሰ ማለት ነው። ቅርጫቴን ሞልቼ፣ ያንን አንድ ደህና ቀሚሴን ለብሼ፣ ጣቶቼ እርስ በርስ እየተጣበቁ ወረድኩ።

ጥበቃው እንደ ድሮው ቅርጫቱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ዛሬ አብሬው እገባለሁ» አልኩት።

«እትዬ፣ አይፈቀድም።»

«ቅጠሌ ብቻውን ሦስት ጊዜ ገብቶ ውሸታም ተብሎ ወጥቷል። ዛሬ ብቻውን አልልከውም።»

ስንጨቃጨቅ ኃላፊዋ መጣች። ቁመቷ ረጅም፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ነጭ ጋውኗ ላይ አንዲት እድፍ የላት።

«ሴትዮ፣ ይሄ የሳይንስ ቦታ ነው። ማንበብ ለሚከብደው ሰው…»

«ቀስ እላለሁ እንጂ አነባለሁ» አልኳት። «እናንተ ደግሞ ቅጠል ስታዩ ቀስ ብትሉ ጥሩ ነበር።»

ጥበቃው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ያኔ ከኮሪደሩ ዶክተሩ ብቅ አለ። ሲያየኝ ቆመ። ከስቷል። እጁ ላይ የያዘውን ወረቀት ረሳውና ከጣቱ አምልጦ ወደቀ፣ አላነሳውም። አስተያየቱ ያው ኩባያውን ይዞ እንዳየኝ ነበር።

«እታለም» አላት እህቱን፣ ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ፣ «የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

እህቱ ሁለታችንን አፈራርቃ አየችን። ሞኝ አይደለችም፣ ገብቷታል።

«እሺ፣ ትግባ» አለች። «ግን ሁለታችሁም ስሙኝ፤ እኔ የማምነው ሳህን ነው። ሳህኑ እንደ ሌላው ጊዜ ከነጣ፣ ቅጠሉም እሷም ከዚህ በር ሁለተኛ አይታዩ። ሐምራዊ ሆኖ ከወጣ ደግሞ እኔ ራሴ ቅርጫት ይዤ ለቀማ እወጣለሁ!»

ይህን የተናገረችው ለማሾፍ ነው። እኔ ግን ቃሏን ያዝኩት።

ዶክተሩ የድሮዎቹን ሳህኖች አሳየኝ። መዳፍ የሚያህሉ፣ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ቦታ ያላቸው የላስቲክ ሳህኖች ናቸው። «ሥሩ ላይ ሕይወት ያለው ሴል እንዘራለን፣ እንደ ሣር ይቁጠሩት» አለኝ። «ቫይረሱን እንለቅበታለን። ከስድስት ቀን በኋላ ሐምራዊ ቀለም እናፈስበታለን። የተረፈው ሣር ቀለሙን ይይዛል፣ ቫይረሱ የበላው ቦታ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።»

«ብል እንደበላው ጨርቅ?»

«ልክ እንደሱ።»

አየሁት። የኔ ሙጬ ያለበት ሁሉ ብል የበላው ነው። ቅጠሌ ተሰድቦ ስለነበር ተቆጥቼ ነበር፤ ሳህኑን ሳየው ግን ቁጣዬ በረደ። እሱ እኔን አልካደኝም። ያየውን ነው የጻፈው። እኔ ብሆን ሌላ ምን እጽፍ ነበር?

*

ቅጠሉን የሚያዘጋጀው ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጓንት ከእጁ ስለማይወልቅ ሁሉም ጓንቴ የሚለው ሰውዬ ነው። ሲስቅ እንኳ አፉን በጓንት ይሸፍናል ይባላል። ቅርጫቴን ተቀበለኝና በፈገግታ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት ቅጠል!» አለኝ። ከዚያ የቅጠሌን እኩሌታ በትልቅ የሳሙና ውሃ ውስጥ ደፋው።

«ምን እያደረግክ ነው!» ስል የጮህኩት ጩኸት መስታወቱን ሳያንቀጠቅጠው አልቀረም።

ሰውዬው ደንግጦ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ምን አጠፋሁ?»

«ማን እጠበው አለህ?»

«እንዴ! ቆሻሻ ቅጠል ልፈጭ? መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ። አንድ ዓመት ሙሉ ከኔ በላይ አጥቦት የሚያውቅ የለም!»

«እሱን ነው የምልህ! አንድ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን እያጠብክ ገንዳ ውስጥ ስትደፋው ነበራ!»

ዶክተሩ እየሮጠ መጣ። ኃላፊዋም ተከተለችው። ቅርጫቱ ውስጥ ከቀረው አንዲት ቅጠል አነሳሁና ጀርባዋን አሳየኋቸው።

«ይሄ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው? ላብ መሰላችሁ? ስሟ ሙጬ የተባለው ለምን ይመስላችኋል? እናቴ ስታስተምረኝ ‘ጣትሽን ካልያዘሽ አትልቀሚው’ ብላኛለች። ከመንገድ ርቄ፣ ከላይ የምለቅመው አቧራ እንዳይነካውና እንዳላጥበው ነው። እቤቴ ሳዘጋጀው አራግፌ እዘፈዝፈዋለሁ እንጂ ውሃ ቀድሞ አይነካውም።»

ጓንቴ እጁን አየ። «እኔ መቼም… በጓንት ስለምይዘው… ተጣብቆብኝ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔም በጓንት ነው የማየው» አለ ዶክተሩ። «አንድ ዓመት። እኛ በር ላይ ሻይ እየጠጣን፣ አንድ ቀን እንኳ ይግቡና ይዩ አላልኩም።»

ቀኝ ጓንቱን ስቦ አወለቀና ባዶ እጁን ዘረጋ። ቅጠሏን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ አሻት። ሊመልስልኝ ሲል አልላቀቅም አለችው፣ ላላቅቅለት ስል የኔም ጣት ተያዘ። እህቱ ቆማ፣ ጓንቴ ቆሞ፣ በመካከላችን አንዲት ቅጠል ይዛን ቀረች። እጁን አልሳበም። እኔም አልሳብኩም። ልቤ እንደ ልጃገረድ ልብ ይመታ ጀመር፤ በዚህ ዕድሜዬ ማፈር ነበረብኝ፣ ግን አላፈርኩም።

*

ያን ዕለት የታጠበውንም ያልታጠበውንም ለየብቻ አዘጋጁት። ያልታጠበው ጠቆረ፣ ወፈረ። ጀርም ካለበትስ ብላ ኃላፊዋ ብትከራከር፣ ዶክተሩ ጭማቂው ኋላ በረቂቅ ማጣሪያ ስለሚያልፍ ጀርም እንደማይቀር አስረዳት። የቱ ጭማቂ የት እንዳለ ሳታውቅ በቁጥር ብቻ እንድታነበው ያዘዘችውም ራሷ ናት። ስለዚህኛው ወድጃታለሁ፤ ማዳላት የማትወድ ሴት ናት።

ከዚያ ስድስት ቀን መጠበቅ ነው። ልጄ፣ «እማዬ፣ ምግቡ ጨው የለውም» ትለኛለች። «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምረሻል።» እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሳህኑ ከነጣ የእናቴም የኔም ቃል ባዶ ነው። ባዶ ቃል ይዤ ደግሞ እዚያ ሰው ፊት አልቆምም።

በስድስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከመስታወቱ ክፍል ውጪ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኖቹ ቀለም ሊፈስባቸው ነው። ዶክተሩ እጁን ታጥቦ፣ አዲስ ጋውን ለብሶ ወጣና ከፊቴ ቆመ።

«ቀለሙ ከመፍሰሱ በፊት የምነግርሽ አለኝ» አለ።

«አንቺ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው።

«በደብዳቤው ያልሆነልኝ ይሄ ነው። አሁን የምናገረው ሳህኑ ሳይታይ ስለሆነ ነው። ኋላ ሐምራዊ ሆኖ ስትሰሚው በቅጠልሽ ምክንያት የመጣሁ እንዳይመስልሽ። ነጥቶም ከሆነ ያዘንኩልሽ እንዳይመስልሽ። እኔ ቤትሽ ተኝቼ ከነቃሁበት ቀን ጀምሮ ሌላ ቤት ቤት አልሆነልኝም። ከኔ ጋር ኑሪ። አግቢኝ።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ እሺ ብዬ አንገቱ ላይ ልጠመጠምበት ነበር። ግን እኔ እኔ ነኝ።

«አንተ» አልኩት፤ ቃሉ አፌን አቃጠለው። «የተናገርከውን ሰምቻለሁ፣ እስክሞት አልረሳውም። መልሴን ግን ከሳህኑ በኋላ ነው የምሰጥህ።»

«ለምን? ሳህኑ ለኔ ምንም አይለውጥም እኮ!»

«ለኔ ይለውጣል። አንተ ለኔ ብለህ አልዋሸህም። እኔም ውሸታም የተባለች ሴት ሆኜ ቤትህ አልገባም። ግባ፣ ቀለምህን አፍስስ።»

ተናደደ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ገባ። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የሚይዘው ያጣል።

*

ቫይረሱን ገድለው፣ ቀለሙን አፍስሰው፣ አጥበው፣ ሳህኖቹን ወደ ውጪው ጠረጴዛ አመጧቸው። ኃላፊዋ መነጽሯን አስተካከለችና ጎንበስ አለች። ጓንቴ ለመጻፍ እስክሪብቶ ይዞ ቆመ። ዶክተሩ ከጀርባዬ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ቁጥር አንድ» አለች። «ስልሳ ሦስት ነጥብ።»

ጓንቴ ጻፈ።

«ቁጥር ሁለት። ምንም።»

ልቤ ዘለለ፤ ዶክተሩ ግን በጆሮዬ፣ «እሱ ቫይረስ ያልተጨመረበት ነው» አለኝ።

«ቁጥር ሦስት። ስልሳ አንድ።»

«አንድ ቫይረሱ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ የታጠበው» አለኝ ዶክተሩ፣ አሁንም በጆሮዬ።

«ቁጥር አራት…»

መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው። መልሳ አደረገችው። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። ያች ዝምታ ከአርባ አንዱ ቀን ትረዝማለች።

«ሁለት» አለች።

«ስልሳ ሁለት?» አለ ጓንቴ።

«ሁለት አልኩህ! አንድ፣ ሁለት። ጻፍ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይሄው የተደገመባቸውን ሌሎቹን ሁለት ሳህኖች አምጡልኝ።» አመጡላት። ቁጥር አራት ላይ በአንዱ አንድ ነጥብ። በአንዱ ምንም። «ቁጥር አምስት ያለ ቫይረስ ጭማቂው ብቻ ያለበት ነው? ሴሎቹ ሙሉ ናቸው። ሴሉን አልገደለውም ማለት ነው።» ከዚያ ወረቀቱን ከጓንቴ ተቀብላ ቁጥሮቹ የምን እንደሆኑ አየች። «ያልታጠበው» አለች፣ ለራሷ።

እኔም ቀረብ ብዬ አየሁ። አራተኛው መደዳ ሐምራዊ ነው። ድፍን፣ ሙሉ፣ ብል ያልነካው አዲስ ጨርቅ። እናቴ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ነበረች። እንዲህ ያለ ቀን ብታይ ምን ትል ነበር! ጓንቴ እስክሪብቶውን ወርውሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለና፣ «አንድ ዓመት ያጠብኩት እኔ! ይቅር በሉኝ፣ እመቤት ቅጠል!» ብሎ ጮኸ። ከየክፍሉ ሰው ወጣ፣ ጭብጨባው ኮሪደሩን ሞላው።

ኃላፊዋ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ስሙ። ይሄ ሳህን ነው፣ ሰው አይደለም። ገና ስንት ሙከራ፣ ስንት ዓመት ይቀረናል። እስከዚያ ማንም ይሄን ተማምኖ ከሐኪም ቤት እንዳይቀር።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። «እኔም ለሰፈሬ ሰው የምለው ይሄንኑ ነው።»

ወደኔ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ዓይኗ የወንድሟ ዓይን ነው።

«እህቴ» አለችኝ፣ ቃሉ እየከበዳት። «ለቀማው የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው?»

«ፀሐይ ሳትበረታ። ቅርጫት የለሽም እንደሆን አውስሻለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሳቁ ጋብ ሲል ዶክተሩ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። በእህቱ ፊት፣ በጓንቴ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ዘረጋልኝ። ጓንቱ በቀለሙ እስከ አንጓው ሐምራዊ ሆኗል።

«ሳህኑ ታየ» አለ። «መልሴን ስጪኝ።»

ኃላፊዋ፣ «የምን መልስ?» አለች።

አርባ አንድ ቀን ያስጠበቅኩትን ሰው ከእንግዲህ አንዲት ደቂቃ አላስጠብቀውም ብዬ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርታለች።

«መጀመሪያ ጓንትህን አውልቅ» አልኩት።

አወለቀና ባዶ እጁን ሰጠኝ። ያዝኩት።